ልጄ ስንት ጂሲኤስኢ ትውሰድ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ለንደን ነው። ልጄ ዪር 9 ናት፤ በቅርቡ የምርጫ ቅጿን ሞልታ መመለስ አለባት። ትምህርት ቤቷ በ9 ጂሲኤስኢ ነው የሚያስፈትናት። የጎረቤታችን ልጅ ግን ሌላ ትምህርት ቤት 11 ይወስዳል። ባለቤቴ ‹ሐኪም እሆናለሁ እያለች እንዴት ከሰው ታንሳለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አስጠንተን እኛው እንጨምርላት› ይላል። እኔ ደግሞ አሁን ባለው የቤት ሥራ እንኳ አምሽታ ነው የምትተኛው። በዚያ ላይ ባለፈው ክረምት ከሪያድ የመጣ የ15 ዓመት የወንድሜ ልጅ አብሮን አለ። ዪር 10 አስገብተው 6 ብቻ ሰጡት። 6 ይበቃዋል?»

ምላሽ፦

ለልጅዎ 9 ይበቃታል፤ አትጨምሩባት። ለወንድምዎ ልጅም 6 መሆኑ ብቻውን አያስፈራም፤ ለእሱ መታየት ያለበት ከስድስቱ ውስጥ የትኞቹ እንዳሉ ነው። ምክንያቱን በዝርዝር ልንገርዎ፣ ባለቤትዎም ያንብቡት።

ጂሲኤስኢ እንግሊዝ ውስጥ በዪር 11 መጨረሻ፣ በ16 ዓመት ገደማ፣ በየትምህርቱ የሚሰጠው ፈተና ነው፤ ውጤቱም ከ9 (ከፍተኛው) እስከ 1 ነው። አገር ቤት ለተማረ ወላጅ ይህ ምርጫ እንግዳ ነው። እዚያ ተማሪው የሚወስነው ተፈጥሮ ሳይንስ ልግባ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለውን ነው። ከዚያ ወዲያ በስንት ትምህርት እንደሚፈተን የሚቆርጥለት ትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር የሚበላለጠው በማርክ ብቻ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግን ቁጥሩ ራሱ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። በዚህ የተነሳ ብዙ ወላጆቻችን ቁጥሩን እንደ ማርክ ያዩታል፤ 11 የወሰደ 9 ከወሰደው የበለጠ ጎበዝ ይመስላቸዋል። ከ16 ዓመት በኋላ ኤ ሌቨል የሚባሉት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ትምህርቶች የሚሰጡበት ሲክስዝ ፎርምም ሆነ ዩኒቨርሲቲ እንዲያ አያነበውም።

በመጀመሪያ ቁጥሩ እንዴት እንደሚቆጠር ማወቅ ያስፈልጋል። ሁሉም ተማሪ የግድ የሚወስዳቸው አሉ፦ እንግሊዝኛ ቋንቋ፣ ሒሳብና ሳይንስ፤ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍም በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች አብሮ ይሰጣል። ሳይንሱ ኮምባይንድ ከሆነ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተደምረው 2 ጂሲኤስኢ ይሆናሉ፤ ትሪፕል ከሆነ 3። ስለዚህ ተማሪው አንድም ነገር ሳይመርጥ 5 ወይም 6 በእጁ አለ። በዚያ ላይ 3 ወይም 4 የምርጫ ትምህርት ሲጨመር 8፣ 9 ወይም 10 ይደርሳል። የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ ሬሊጂየስ ስተዲስን ግዴታ ስለሚያደርጉት አንድ ከፍ ይላል። የጎረቤትዎ ልጅ 11 ሲባል ምን ምን እንደተቆጠረ ይጠይቁ። ትሪፕል ሳይንስ፣ ግዴታ የሆነ ሃይማኖት፣ ከሒሳብ ጋር ግማሽ መንገድ የሚጋራው ስታቲስቲክስ፣ ምናልባትም ጂሲኤስኢ ያልሆነ የሌቨል 2 ፈርዘር ማትስ (ከፍ ያለ ሒሳብ) ሰርተፊኬት አብሮ ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲፈታ በልጆቹ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ትምህርት ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ትምህርት ቤቶቹን መንግሥት የሚለካቸው በስንት እንደሆነም ይወቁ። አቴይንመንት 8 የሚባለው መለኪያ ስሙ እንደሚለው 8 ቦታ ነው ያለው። ሒሳብ እጥፍ ይቆጠራል። እንግሊዝኛም ተማሪው ቋንቋውንም ሥነ ጽሑፉንም ከተፈተነ የተሻለው ውጤት እጥፍ ይያዝለታል። ሦስት ቦታ ለሳይንስ፣ ለታሪክ፣ ለጂኦግራፊ፣ ለውጭ ቋንቋና ለመሳሰሉት የተጠበቀ ነው፤ ሦስቱ ክፍት ናቸው። 8ቱ ከሞሉ በኋላ የሚመጣው 10ኛ ወይም 11ኛ ውጤት ከሌሎቹ አንዱን ካልበለጠ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከ10 እና ከ11 ወደ 9 እና ወደ 8 ዝቅ ያሉት በከፊል ለዚህ ነው። ያም ሆኖ የፈተናው ጊዜ ረጅም ነው ተብሎ፣ በኖቬምበር 2025 የወጣው የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ የጂሲኤስኢ ፈተና ሰዓት 10 በመቶ ያህል እንዲቀንስ መክሯል። የአገሩ አካሄድ ወደ ማሳነስ ነው እንጂ ወደ መጨመር አይደለም።

ውጤቱን የሚያነቡት እነማን ናቸው? መጀመሪያ የሚያየው ሲክስዝ ፎርሙ ነው። የተለመደው መግቢያ እንግሊዝኛና ሒሳብን ጨምሮ 5 ጂሲኤስኢ በ5 ወይም ከዚያ በላይ፣ በኤ ሌቨል ሊማሩት በሚፈልጉት ትምህርት ደግሞ 6 ወይም 7 ነው። ፉክክር የበዛባቸው የለንደን ሲክስዝ ፎርሞች ከፍ ያለ ነጥብ ይጠይቃሉ፤ ነጥብ የሚደምሩትም ቢሆኑ ከተማሪው ውጤቶች ምርጥ ምርጡን ወስደው እንጂ የወሰደውን ሁሉ ደምረው አይደለም። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ነው። እሱ ቦታ የሚሰጠው በ3 ኤ ሌቨል ነው፤ ጂሲኤስኢን የሚያየው በተለይ እንግሊዝኛና ሒሳብ አለ ወይ ብሎ ነው።

ሕክምና ጠበቅ ይላል። ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብና በሳይንስ ቢያንስ 6 ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹ የጂሲኤስኢን ውጤት በነጥብ ይደምራሉ። ከእነሱ ብዙዎቹ የሚደምሩት ግን ምርጥ 8 ወይም ምርጥ 9 ውጤት ነው። እንግዲህ ልጅዎ ከ9 ትምህርት በላይ ብትወስድ እነዚህ ዘንድ በብዛቱ የሚጨመርላት ነጥብ የለም። 9 ትምህርት ሆኖ ብዙው ውጤት 7፣ 8 እና 9 ቢሆን፣ 11 ትምህርት ሆኖ 5 እና 6 ከተቀላቀለበት እጅግ ይሻላል። በዩካስ (በዩኒቨርሲቲ መግቢያ) ማመልከቻ ላይ ደግሞ የተፈተኑት ሁሉ መጻፍ አለበት። ለብዛት ተብሎ የተጨመረው ትምህርት 3 ካመጣ፣ ያ 3 ከሌሎቹ ጎን ተጽፎ ይኖራል።

አሁን ጭማሪው የሚያስከፍለውን እንቁጠር፤ ባለቤትዎ ይህን ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል። አንዲት የዪር 11 ተማሪ ቤት ውስጥ በሳምንት 12 ሰዓት ታጠናለች እንበል፤ ከዚያ በላይ በዘላቂነት የሚችል ልጅ ብዙ አይደለም። በ9 ስናካፍለው ለእያንዳንዱ 80 ደቂቃ ይደርሰዋል። በ11 ስናካፍለው 65 ደቂቃ። በሳምንት 15 ደቂቃ ትንሽ ይመስላል። ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ 30 የጥናት ሳምንት ብናስብ ግን ከእያንዳንዱ ትምህርት ላይ 7 ሰዓት ተኩል ተቀነሰ ማለት ነው። አንድ የሒሳብ የፈተና ወረቀት 1 ሰዓት ተኩል ስለሆነ፣ ከሒሳብ ብቻ 5 ሙሉ ያለፉ ዓመታት ወረቀቶችን የመሥራት ጊዜ ጠፋ። ከ6 ወደ 7 የሚያሻግረው እኮ ያ ነው።

የፈተናው ወር ራሱ ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። ኤኪውኤ በሚባለው የፈተና ቦርድ እንግሊዝኛ ቋንቋ 2 ወረቀት ነው፤ እያንዳንዱ 1 ሰዓት ከ45። ሥነ ጽሑፉ 2 ነው፤ አንዱ 1 ሰዓት ከ45፣ ሌላው 2 ሰዓት ከ15። ሒሳብ 3 ነው፤ እያንዳንዱ 1 ሰዓት ከ30፣ የመጀመሪያው ያለ ካልኩሌተር። ኮምባይንድ ሳይንስ 6 ወረቀት ነው፤ እያንዳንዱ 1 ሰዓት ከ15። አንድም የምርጫ ትምህርት ሳይነካ 13 ወረቀት፣ 19 ሰዓት ተኩል። ታሪክ ሁለት የ2 ሰዓት ወረቀት ይጨምራል። ፈረንሳይኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ ተብሎ አራት ነው። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሜይና በጁን ስድስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ነው፤ ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ የሚፈተኑበት ቀን አለ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ትምህርት 2 እስከ 4 ወረቀት እዚህ መሀል ይሰካል።

የመማሪያ ሰዓቱም ከየትም አይመጣም። ለአንድ ጂሲኤስኢ የሚታሰበው የክፍል ትምህርት ከ120 እስከ 140 ሰዓት ነው። የቅዳሜ ትምህርት በሳምንት 2 ሰዓት ቢሆን፣ በ38 የትምህርት ሳምንት 76 ሰዓት ነው። አንዱን ትምህርት በቅዳሜ ብቻ ለመሸፈን ሁለት ዓመት ሊጠጋ ነው፤ ለዚያውም አንድም ቅዳሜ ሳይጎድል። ቅዳሜን የምትሰጡ ከሆነ ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ስጡት። ከፈተናው 160 ማርክ ውስጥ 80ው የራስ ድርሰት ነው፤ ቤታቸው አማርኛ የሚነገርባቸው ልጆች በሳይንስ ጎብዘው የሚቀሩት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። በሳምንት አንድ ድርሰት በ45 ደቂቃ ጽፋ፣ በማርክ መስጫው መሠረት የሚያርምላት ሰው ብታገኝ ከማንኛውም 10ኛ ትምህርት ይበልጥ ይጠቅማታል። ሕክምና ስታመለክትም የእንግሊዝኛው 6 ወይም 7 ይታያል።

ቁጥሩን ወደ ጎን እንተወውና ውጤቷን በእርግጥ ሊወስኑ የሚችሉ ሁለት ነገሮች አሉ። ሁለቱም በምርጫ ስብሰባ ላይ በጥልቀት አይነገሩም።

አንደኛው ሳይንስ ነው፦ ኮምባይንድ ወይስ ትሪፕል? ሐኪም ለመሆን ትሪፕል ግዴታ አይደለም። ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ኮምባይንዱን (ውጤቱ በጥንድ ነው የሚሰጠው) በ7-7 ወይም በ6-6 ይቀበላሉ፤ ሲክስዝ ፎርሞችም ለኤ ሌቨል ባዮሎጂና ኬሚስትሪ እንዲሁ። ትሪፕል የሚጨምረው ይዘት ነው። ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ፣ አንጎልና ዐይን፣ በኬሚስትሪ የቲትሬሽን ስሌት ጠለቅ ብሎ፣ በፊዚክስ ስለ ኅዋ። እነዚህ ኮምባይንድ ውስጥ የሉም። ዝንባሌዋ ወደ ሕክምና ስለሆነ ኤ ሌቨል ስትገባ ይህን ቀድማ መስማቷ ይረዳታል፤ ባትሰማም ግን ያመለጣትን መድረስ ትችላለች።

በውጤት አሰጣጥ ረገድ ያለው ልዩነት ግን ከይዘቱ ይበልጣል። በኮምባይንድ የ6ቱ ወረቀት ማርክ ከ420 ተደምሮ አንድ ጥንድ ውጤት ነው የሚወጣው፤ ለምሳሌ 7-6። ፊዚክስ የሚከብዳት ልጅ ፊዚክሱ ባዮሎጂዋን ይዞ ይወርዳል። በትሪፕል እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል፤ ፊዚክስ 5 ቢሆን ባዮሎጂው 8 ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንዱ ሳይንስ ብቻ የሚያስቸግራት ከሆነ ትሪፕል ይጠቅማታል፤ ሦስቱም እኩል የሚከብዱ ከሆነ ደግሞ ኮምባይንድ ይሻላል።

ይህን ከመወሰንዎ በፊት ግን ትሪፕሉ በስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚሰጥ ይጠይቁ። አንዳንድ ትምህርት ቤት ትሪፕልን እንደ አንድ የምርጫ ትምህርት ቆጥሮ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠዋል። ይህ ጥሩ ነው። ሌላው ደግሞ ለኮምባይንድ በተመደበው በዚያው ሰዓት ውስጥ ሦስቱን ጠቅጥቆ ያስተምራል፤ ቁጥሩ በወረቀት ላይ 10 ይሆናል፣ መምህሩ ግን እየሮጠ ነው፣ የላብራቶሪ ሥራውም ይቀጭጫል። የሁለተኛው ዓይነት ከሆነ ኮምባይንዱን እመርጣለሁ። ዪር 9 ላይ ጀምረው በሦስት ዓመት የሚያዳርሱት ከሆነ ግን ጭንቀቱ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ፋውንዴሽንና ሃየር የሚባለው ነው። ሒሳብ፣ ሳይንስና የውጭ ቋንቋ በሁለት ደረጃ ወረቀት ይፈተናሉ፤ ፋውንዴሽን ቀለል ያለው፣ ሃየር ከበድ ያለው ነው። ፋውንዴሽን የተቀመጠ ልጅ ሁሉንም ጥያቄ ቢመልስ እንኳ የሚያገኘው ከ5 አይበልጥም። ወላጅ «ሒሳብ ፈተናውን ቀላል አለችው» ብሎ ደስ ብሎት ይቆያል፤ በኦገስት ውጤቱ ሲመጣ 5 ነው፣ ኤ ሌቨል ሒሳብ ወይም ኬሚስትሪ ደግሞ 6 ወይም 7 ይጠይቃል። በኮምባይንድ ሳይንስ ስድስቱም ወረቀት አንድ ደረጃ መሆን አለበት፤ በትሪፕል ግን ባዮሎጂን በሃየር፣ ፊዚክስን በፋውንዴሽን መፈተን ይቻላል። ስለዚህ ከዪር 9 መጨረሻ ጀምሮ ልጅዎ የሒሳብና የሳይንስ ምድቧ ወደ የትኛው እንደሚያመራ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ፋውንዴሽን ከተባለ ለመሻገር በየትኛው የሙከራ ፈተና ስንት ማምጣት እንዳለባትም ያስነግሩ። የፈተናው የመጨረሻ ምዝገባ በዪር 11 ፌብሩዋሪ 21 ነው፤ ከዚያ በኋላ መቀየር አንዳንዴ ይቻላል፣ ግን ተማሪዋ ያልተማረችውን ምዕራፍ ቀያሪው ወረቀት አያስተምራትም። በሌላ በኩል ከአቅም በላይ በሃየር መቀመጥም አደጋ አለው፤ በሃየር ከታችኛው ገደብ ከወረዱ ምንም ውጤት አይሰጥም።

በ3 የምርጫ ቦታዎቿ ላይ ያለኝ ሐሳብ አጭር ነው። አንዱ ታሪክ ወይም ጂኦግራፊ ይሁን። ሌላው ቋንቋ ቢሆን ጥሩ ነው፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ቋንቋና ታሪክ ወይም ጂኦግራፊ ተደምረው ኢባክ ይባሉ ነበር። መንግሥት ያንን መለኪያ እንደሚያስቀር ስላስታወቀ ግን ትምህርት ቤቱ «ቋንቋ የግድ ነው» ካለ የራሱ ደንብ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አይጠይቅም። ሦስተኛውን እሷ የምትወደውን ትውሰድ፤ ሥነ ጥበብም፣ ሙዚቃም፣ ምግብ ዝግጅትም ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ይጠብቁ፦ የሥነ ጥበብና የዲዛይን ትምህርቶች ኮርስወርክ (ከፈተናው ወር በፊት ተሠርቶ ማርክ የሚያዝበት ሥራ) አላቸው፤ ሁለት ኮርስወርክ ያለባቸው ትምህርቶች ባንድነት ከተያዙ በዪር 11 የመጀመሪያ ወራት ለሌላ ነገር ጊዜ አይተርፍም። ምርጫው ቢቴክ ወይም ተመሳሳይ የሙያ ሰርተፊኬት ከሆነ ደግሞ ልትገባ የምታስበው ሲክስዝ ፎርም ይቆጥረው እንደሆነ አስቀድሞ ድረ ገጹን ማየት ይገባል።

10 መውሰድ የሚስማማቸው ልጆች የሉም ማለቴ አይደለም። ሁሉም ትምህርት ላይ ከ7 በላይ የምታመጣ፣ አሥረኛው ከመደበኛው የክፍል ሰዓት ውስጥ የተመደበላት፣ እንቅልፏንም ያልነካባት ልጅ ትውሰድ። ወይም አሥረኛው አስቀድማ የምትናገረው ቋንቋ ከሆነ ትርፉ ያለ ብዙ ድካም ይመጣል። የእርስዎ ልጅ ግን ከአሁኑ አምሽታ የምትተኛ ከሆነ ሁለቱም አይመለከታትም። እንዲያውም በዪር 10 መጨረሻ ላይ ከ9ኙ አንዱ ከ4 በታች እያመጣች ሌሎቹን የሚጎትትባት ከሆነ ወደ 8 መውረድ ይቻላል። ይህንን ከዪር ኃላፊው ጋር ይነጋገሩ፤ የተተወው ሰዓት ደግሞ በቤተ መጻሕፍት ለእንግሊዝኛና ለሒሳብ ድጋፍ መዋሉን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ ባዶ ሰዓት ሆኖ ይቀራል። የሚተወው ትምህርት ከ5ቱ ግዴታዎች አንዱ መሆን የለበትም።

ወደ ወንድምዎ ልጅ ልመለስ። ዪር 10 ላይ ገብቶ 6 መያዙ ትምህርት ቤቱ አሰበበት ማለት ነው እንጂ አሳነሰው ማለት አይደለም። ወላጆቻችን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይጣላሉ፤ «ልጃችንን ሰነፎቹ ጋ አስቀመጡት» ብለው እስኪጨመርለት ይከራከራሉ። እንግሊዝኛ ገና የሚማር ልጅ በ9 ትምህርት ሲገባ በሁሉም 2 እና 3 እያመጣ ይወጣል። በ6 ግን 5ቱን በ4 እና በ5 ቢያልፍ ወደ ሌቨል 3 (የኤ ሌቨል ደረጃ) ትምህርት፣ ወደ አፕረንቲስሺፕ (እየሠሩ መማር)፣ ከዚያም ለነርስነት ወደሚያበቃ መንገድ መግባት ይችላል፤ እዚያ የሚጠየቀው በአብዛኛው እንግሊዝኛና ሒሳብ ያሉበት 5 ጂሲኤስኢ በ4 ወይም ከዚያ በላይ ነው።

የግድ መኖር ያለባቸው ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ ቋንቋና ኮምባይንድ ሳይንስ ናቸው። ይህ 4 ነው። ስለ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ግን ትምህርት ቤቱን ያነጋግሩ። ሼክስፒርን፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለድን፣ ዘመናዊ ድርሰትንና የግጥም ስብስብን ያለ መጽሐፍ ፈተና ላይ ከትውስታ ጠቅሶ መጻፍን ይጠይቃል። እንግሊዝ አገር አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ሥነ ጽሑፉን ትቶ ያንን ሰዓት ለቋንቋው ማዋሉ ትክክል ነው። እንግሊዝኛ ቋንቋ ወይም ሒሳብ ላይ 4 ካላመጣ ከ16 ዓመቱ በኋላ ባለበት ኮሌጅ ሁሉ እንዲማራቸው ይገደዳል፤ 3 ካመጣ ደግሞ ጂሲኤስኢውን እንደገና ይፈተናል። እነዚህ ሁለቱ ብቻ በኖቬምበርም ይሰጣሉ። ሌላውን ትምህርት ቢወድቅ አስገዳጅ ድጋሚ የለበትም። ስለዚህ የጥናት ሰዓቱ ግማሹ ለእነዚህ ሁለቱ ይሁን።

በፈተና ጊዜ እንደ ሒሳብና ሳይንስ ባሉ ትምህርቶች የእንግሊዝኛ-አማርኛ ወይም የእንግሊዝኛ-ዓረብኛ የወረቀት መዝገበ ቃላት ሊፈቀድለት ይችላል፤ እንግሊዝኛ ቋንቋ ላይ ግን አይፈቀድም። ፈቃዱ የሚመጣው በክፍል ውስጥም በሙከራ ፈተናም ሲጠቀምበት ከቆየ ነው፤ የፈተና ቀን ይዞት ቢመጣ አይሆንም። የትምህርት ቤቱን የፈተና ኃላፊ በዚሁ ዓመት ያነጋግሩት። መዝገበ ቃላቱ ማብራሪያ የሌለው፣ ቃል ለቃል የሚያስቀምጥ መሆን አለበት፤ በውስጡም ምንም እንዳይጻፍበት።

አንድ ትልቅ ዕድል ደግሞ አለው፦ ዓረብኛ። በአማርኛ ጂሲኤስኢ የለም፤ በዓረብኛ ግን አለ። ከእስራኤል ለሚመጡ ልጆችም በዘመናዊ ዕብራይስጥ አለ። ሪያድ ትምህርት ቤት የተማረና ዓረብኛ አንብቦ መጻፍ የሚችል ከሆነ 7ኛውን ጂሲኤስኢ፣ ምናልባትም ከሁሉም የተሻለውን ውጤት፣ ከዚህ ያገኛል። የሚፈተነው በማዳመጥ፣ በመናገር፣ በማንበብና በመጻፍ ነው፤ አራቱም እኩል 25 በመቶ ይይዛሉ፤ አራቱንም በአንድ ደረጃ፣ ሁሉንም በሃየር ወይም ሁሉንም በፋውንዴሽን መፈተን አለበት። የሚጠየቀው መደበኛ ዓረብኛ ስለሆነ በመንገድና በሱቅ የሰማውን ብቻ የሚያውቅ ልጅ ማንበብና መጻፉ ላይ ይቸገራል። ሪያድ ሳለ በማኅበረሰብ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ወይም በአማርኛ የተማረ ከሆነ፣ አንድ ያለፈ ዓመት የመጻፍ ወረቀት አውርደው በቤት ያስሞክሩት፤ ያ ሙከራ ብዙ ይነግራችኋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የመናገሩ ፈተና ነው። ዓረብኛ የሚችል መምህር ከተማሪው ጋር ተቀምጦ ያናግረዋል፤ ንግግሩም ተቀርጾ ለፈተና ቦርዱ ይላካል። ትምህርት ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ከሌለው ከውጭ ማስመጣት ወይም የቅዳሜ ዓረብኛ ትምህርት ቤት ጋር መስማማት ያስፈልገዋል፤ ይህን ለማዘጋጀት ወራት ይፈጃል። የሚፈተነው በዪር 11 ከሆነ ጥያቄውን የዚያን ዓመት ኦክቶበር ሳያልፍ ለፈተና ኃላፊውና ለቋንቋ ክፍሉ በኢሜይል ያቅርቡ። ክፍያውን ማን እንደሚሸፍንም በዚያው ደብዳቤ ይጠይቁ፤ ትምህርት ቤቱ በራሱ ስም ካስመዘገበው ብዙ ጊዜ ቤተሰቡን አያስከፍልም።